ሁለት ቤት፣ አንድ መርዶ

ንፋስ መውጫ ላይ ለአስተማሪ የቀን ሥራ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ከንቀት እንዳይመስላችሁ፤ ከአክብሮት ነው። በአንድ ግንቦት ባለቤቴ ማለዳ ተነሥቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ላይ ጓል ሊከሰክስ ሄደ። ባለ እርሻው የተማሪው አባት ነበሩ። ገና ዶማውን ሲያነሣ አይተውት እየሮጡ መጡና እጁን ያዙት። «መምህር፣ በቁሜ አያዋርዱኝ! ልጄን ያስተማሩ ሰው በኔ እርሻ ጓል ሲከሰክሱ አገር ቢያይ ምን ይለኛል?» አሉት። ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው ጠላ ቀዱለት፤ ሲመለስም አንድ ቁና ገብስ አሸከሙት። ባለቤቴ ቁናውን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጦ ተመልሶ ወጣ። ሥራ ቢሰጡት በማግስቱም ይሄድ ነበር። ለስጦታ ግን ሁለተኛ አይኬድም።

ይህ የሆነው በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው። እኔም አስተማሪ ነበርሁ፤ እሱ ሒሳብ ያስተምራል፣ እኔ የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን እይዛለሁ። ጦርነቱ ወደ ጋይንት ሲጠጋ ወታደር መጥቶ የመማሪያ ክፍሎቹን ማደሪያ አደረጋቸው፤ ዴስኮቹም ለማገዶ ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ጓዛቸውን ጭነው ወደ ደብረ ታቦር ወረዱ። ደመወዛችንም አብሯቸው ወረደ። «ሁኔታው ሲረጋጋ» ተባልን። እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ቃል በሬዲዮ ስሰማ ተነሥቼ ሬዲዮውን አጠፋለሁ።

ከኛ ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰኑ፣ በራቸውም ከበራችን ጎን የሆነ አንዲት መበለት ነበሩ። እትዬ እላቸው ነበር። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቆ ምደባ ሲጠብቅ ሁለት ክረምት አለፈው፤ ምደባው ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። አንድ ቀን እንኳ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አልቆመም። እናቱ ግን ነጩን ጋዋኑን በየቅዳሜው እያጠቡ መንገደኛ እንዲያየው አጥሩ ላይ ያሰጡት ነበር። «እትዬ፣ ያልተለበሰ ልብስ ምን ይታጠባል?» ብዬ ባሾፍባቸው፣ «አቧራ እንደ መንግሥት ምደባ አይጠብቅም» ብለው አፌን አስያዙኝ።

በየክረምቱ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማና ወደ ሱዳን የሚወርዱ የስማዳ ሰዎች በከተማችን ያልፋሉ። ወሬውን ያመጡት እነሱ ናቸው። ድንበሩን ሲሻገሩ የስደተኞች ሰፈር አለ፤ የኛው አገር ልጆች ሞልተውበታል፤ አስተማሪ ግን የለም፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ቢገኝ በእልልታ ይቀበሉታል አሉ። ባለቤቴ ይህን ከሰማ በኋላ እህል አልወርድለት አለ። የእትዬ ልጅማ ይባስ ብሎ ከአፈሳ ሲሸሽ ቀኑን ሁሉ ጎተራ ውስጥ ነበር የሚውለው። አንድ ቀን እንኳ አስተማሪ ሳይሆን ጦር ሜዳ ሊሄድ ነው።

አስተማሪ አገር ጥሎ ሲወጣ ከተያዘ ኮብላይ ነው፤ የሚጠብቀው እስር ቤት ነው። ለአረም የሚወርድ ገበሬ ግን ያልፋል። ኬላ ላይ ወታደሩ ሰው የሚለየው መዳፍ እየገለጠ ነው ይባል ነበር። ስለዚህ ሁለቱ መምህራን ከኔ ጓሮ ገብተው እጃቸው ውኃ ቋጥሮ እስኪፈነዳ፣ ከዚያም እስኪደድር ድረስ መሬቱን ቆፈሩት። እትዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ፤ ይፈትሉና ቀና ብለው፣ «እንዲህ ነው ዶማ የሚያዘው? ጠመኔ መሰላችሁ እንዴ?» ይሏቸዋል። ያን ሰሞን ብዙ ሳቅን። የምንስቀው ሌላ የምናደርገው ስለ ጠፋን ነበር።

ሐምሌ እንደ ገባ ሄዱ። በቁምጣ፣ በባዶ እግራቸው፣ ዱላና የበሶ ስልቻ ይዘው ከስማዳዎቹ መሐል ገቡ። እትዬ ባለቤቴን አንገቱን አቅፈው ይዘው፣ «ልጄ የሰው አገር አያውቅም። ታላቁ ነህ፤ አደራህን» አሉት። እሱም «እትዬ፣ ከዓይኔ አይርቅም» አለ። እኔ ለማን አደራ እንደምል ጠፋኝና፣ «ቆላ ነው፤ ንዳዱን ተጠንቀቁ» አልሁ። የደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ ጥይት ከሚገድለው ንዳድ የሚገድለው ይበልጣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን መንገደኛ ፊት ሞት አይነሣም።

እኔና እትዬ ቀረን። ፈትል ያስተማሩኝ ያኔ ነው። አስተማሪ ነበርሁና ተማሪ ሆኜ መቀመጡ ከበደኝ፤ ክሬም ቶሎ ቶሎ ይበጠስ ነበር። «ክርሽ እንደ ደመወዝሽ ነው፤ መሐል ላይ ይቋረጣል» ይሉኛል። ክረምቱን እንዲህ ተያይዘን ወጣን። ቤታቸው ሲያፈስ እኔ ዘንድ ያድራሉ፤ የኔ እህል ሲያልቅ ከእሳቸው እበላለሁ። እናቴ በልጅነቴ ስለ ሞተች፣ እናት ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው ያወቅሁት በዚያ ክረምት ነው ብል ማጋነን አይደለም።

መስከረም ሊወጣ ሲል አንድ ተመላሽ አራሚ ለሁለታችንም ቤት መልካም ወሬ ይዞ መጣ። ሁለቱም ተቀጥረዋል፤ ድንኳን ተተክሎላቸው ያስተምራሉ። እትዬ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጆቹ ልጄን ምን ብለው ነው የሚጠሩት?» አሉት። «መምህር ነው እንጂ የሚሉት፣ ሌላ ምን ይሉታል?» አላቸው። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው፣ ቀበሌ እንዳይሰማ፣ በታፈነ ድምፅ እልል አሉ። እኔም አለቀስሁ።

ከዚያ ኅዳር ገባ።

በኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። በሩቅ አገር ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባት፣ ለሽማግሌ ነው። እነሱ ያጣራሉ፤ ዘመድ ይጠራሉ፤ ለለቅሶተኛው ንፍሮና ጠላ በየቤቱ በምስጢር ይሰናዳል። ሁሉም ሲሟላ ጎሕ ሳይቀድ የሐዘንተኛው በር ይንኳኳል። አገር የሰማውን በመጨረሻ የሚሰማው ባለ ሐዘኑ ነው። ሰው ብቻውን እንዳያለቅስ ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው። ደግ ሥርዓት ነው፤ አልካድሁም።

አንድ ቀን የማርያም ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም ማኅበሩን የምትመራው ሴት፣ ብቻዬን ጠብቃ ቤቴ ገባች። ስለ ብርዱ አወራች፤ ስለ ውርጩና ስለ ባቄላው አወራች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«የእትዬን ልጅ ንዳድ በልቶታል አሉ» አለችኝ። «ገና እየተጣራ ነው። እርግጡ ሲታወቅ ሽማግሌ ይገባል። አንቺ የቅርብ ጎረቤት ነሽና ለንፍሮው ስንዴና ባቄላ ልቀሚ። አደራ፣ ፊትሽ እንዳያሳብቅ።»

«የኔስ?» አልሁ።

«እሱ ደኅና ነው» አለች። ጥያቄዬን አላስጨረሰችኝም።

ስትወጣ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ያ ልጅ ጓሮዬን ሲቆፍር ታየኝ፤ እንደ ወንድሜ አለቀስሁለት። ቀጥዬም፣ «ተመስገን፣ የኔ አልሆነ» አልሁ። ይህን ያልሁት በዚያው እንባ ላይ ነው። ሊፈርድብኝ የሚፈልግ ይፍረድ፤ ባሏን ቆላ የላከች ሴት ግን አትፈርድብኝም።

ከዚያ ጀምሮ በሬን ዘግቼ ስንዴ እለቅማለሁ፤ በሩን ከፍቼ ከእትዬ ጋር እፈትላለሁ። ደስ የሚላቸውን ነገር ሁሉ ማድረግ ጀመርሁ። ውኃ ቀዳሁላቸው፤ ቂጣ ስጋግር ትኩሱን ወሰድሁላቸው፤ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ በትዕግሥት ሰማሁ። ግን ስለ ልጃቸው ማውራቱን ቀነሱ። መጀመሪያ ልብ አላልሁትም። ቆይቶ ግን እሳቸውም ለኔ ከወትሮው የተለዩ ሆኑብኝ። ስፈትል ክሬ ሲበጠስ አይቀልዱም፤ ቀስ ብለው ይቀጥሉልኛል። እንጀራውን በኔ በኩል ይቆልሉታል። «ብዪ ልጄ፣ ሰውነትሽን ጠብቂ። ብቻዬን ነኝ ብለሽ እንዳታስቢ፤ እኔ አለሁልሽ» ይሉኛል። ልጄ ይሉኝ የነበረው አልፎ አልፎ ነበር፤ አሁን በየቃሉ መሐል ሆነ።

አንድ ጠዋት እሳት ልጭር ሳልጣራ ገባሁባቸው። በሰፌድ ላይ ስንዴ እየለቀሙ ነበር። ሲያዩኝ ደንግጠው ነጠላቸውን ጣሉበት። «ለ... ለዘር ነው» አሉኝ። በኅዳር የምን ዘር? ቀና ብዬ ሳያቸው፣ ያ ፊታቸው፣ ያ የሐዘኔታ አስተያየት፣ እኔ እሳቸውን የማይበት አስተያየት ራሱ ነበር። እኔ ስለ እሳቸው የማውቀውን እሳቸው ስለ ኔ ያውቃሉ። እጄ ላይ ያለው ገል ወድቆ ተሰበረ፤ ለእሳት ያልሁትን ረስቼ ወጣሁ።

በቀጥታ ሙሴዋ ቤት ሄድሁ። «ለእትዬ ምን ነገርሻቸው?» አልኋት። ልትክድ ሞከረች፤ ፊቴን አይታ ተወችው።

«አንዱ ነው» አለች። «አንድ ሌላ ተመላሽ አራሚ ያመጣው ወሬ ‹ከንፋስ መውጫ ከመጡት መምህራን አንዱ ሞቷል› የሚል ነው። የትኛው እንደሆነ አያውቅም። እናንተ ደግሞ ሁለታችሁም ዓይናችሁ የፈጠጠ ነው፤ የሰፈሩ ሴት ጌሾ ስትወቅጥ ማየታችሁ አይቀርም። ታዲያ ምን ልበል? ለአንቺ የእሳቸው ነው አልሁ፣ ለእሳቸው ያንቺ ነው አልሁ። ቢያንስ እርግጡ እስኪመጣ አንዳችሁም እንዳትሳቀቁ ብዬ ነው። ክፉ አሰብሁ?»

ክፉ አላሰበችም። ክፉ ብታስብ ኖሮ ፀጉሯን ይዤ ጎትቼ ይወጣልኝ ነበር። የኛ አገር ደግነት ግን የሚያዝበት ፀጉር የለውም። መምህር ክብሩ እንዳይነካ ተብሎ ሥራ ተነፈገ፤ አሁን ደግሞ ልባችን እንዳይነካ ተብሎ እኔና እትዬ አንዳችን የሌላችንን ለቅሶ እያሰናዳን ነው።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀኖች እንዴት እንደ ኖርኋቸው አላውቅም። መናገር አልችልም፤ «እትዬ፣ የኔም የእርስዎም ሊሆን ይችላል» ብል ያን ሁሉ እርጋታቸውን ገፍፌ ጭንቁን ማሸከሜ ነው። እሳቸው የልጃቸውን በሕይወት መኖር አምነው እንቅልፍ ይተኛሉ። እኔ ነቅቻለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንዝርት እናሾራለን፤ ስለ ጥጡ ውፍረት እንነጋገራለን።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት አብረን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን። እትዬ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ለረጅም ጊዜ ጸለዩ። ጆሮዬን ጥዬ ብሰማ የሚጸልዩት ለኔ ነው። «ይህችን ልጅ አጽናት። እናት የላት፣ አባት የላት፤ አደራህን» ይላሉ። እኔ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። የባሌን ነፍስ ልለምን ብል የልጃቸውን ሞት መለመኔ ነው፤ አንድ ሞት ለሁለት ቤት ተካፍሎ አይቀልም። ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙኝ እንኳ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ወሬውን እንዲያጣሩ የተለመኑት በገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሙስሊም አባት ነበሩ፤ ሱዳን ገዳሪፍ ላይ ዘመድ ስላላቸው ሰው ልከው ነበር። በየገበያው ቀን ምንም የምገዛው ሳይኖር በሱቃቸው በኩል አልፋለሁ። ፊታቸውን ላነብ ነው። እሳቸውም ያውቁብኛል መሰለኝ፣ «አልመጣም ልጄ» ለማለት ያህል ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። አንድ ቅዳሜ ግን ገበያው ሞልቶ ሳለ ሱቃቸው ዝግ ነበር። ከጓዳው በር የንስሐ አባታችንና ሁለት ሽማግሌዎች ሲወጡ አየኋቸው። አንዳቸውም ወደ እኔ አልዞሩም።

በዚያ ዕለት እትዬ ጋ ሄጄ አልፈተልሁም። አሞኛል አልሁ። ከመሸም በኋላ መቀነቴን አጥብቄ ታጥቄ፣ ልብሴን ሳላወልቅ ተጋደምሁ።

ሊነጋጋ ሲል ውሻ ጮኸ። ቀጥሎ የብዙ ሰው እግርና የመቋሚያ ድምፅ መጣ። በዚያ ብርድ መሬቱ ውርጭ ጠጥቶ እርምጃቸው ይንኮሻኮሻል። በራችን ጎን ለጎን ነው ብያለሁ፤ ሁለቱ በሮች አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ተንኳኳ።

የእትዬ በር ነው የተንኳኳው።

ተነሥቼ ግድግዳውን ያዝሁ። ባለቤቴ አለ። አለ፣ በሕይወት አለ። የጠበቅሁት ደስታ መጣ፤ ግን በእትዬ በር በኩል ነው የመጣው። በአጥሩ በኩል የእትዬ በር ሲከፈት ሰማሁ። ጩኸታቸውን ጠበቅሁ።

አልጮኹም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በቁጣ ያህል፣ «ኧረ ምን ነካችሁ፣ ቤት ተሳስታችኋል! የሷ በር ያኛው ነው» አሉ። «ቀስ በሉ፣ ትሰማለች። ብቻዋን ናት። ቆዩ፣ ነጠላዬን ልደርብና እኔ ልቅደም፤ እናንተን ድንገት ስታይ ልቧ ይሰነጠቃል።»

በሬን ከፍቼ ወጣሁ። ብርሃኑ ሰውን ከሰው መለየት ገና መጀመሩ ነበር። ቄሱ ራሳቸውን አቀርቅረዋል። ጨርቅ ነጋዴው ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። እትዬ ሲያዩኝ በመሐላቸው ሰንጥቀው መጡና በሁለት እጃቸው አቀፉኝ። «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ አለሁልሽ» እያሉ ጀርባዬን ይደባብሱኛል። እንባቸው አንገቴ ላይ ይወርዳል።

እንዲህ ትንሽ ቢቆዩ ምን ነበረበት፤ ግን ሽማግሌዎቹ ማልቀስ ጀመሩ። እጃቸውን ከትከሻዬ አውርጄ ያዝሁት።

«እትዬ» አልኋቸው፤ «የኔ አይደለም።»

እኔን አዩኝ። ዞረው ቄሱን አዩ፤ ነጋዴውን አዩ። ለእኔ ደስ ያላቸው መስለው ፊታቸው ፈታ አለ።

«ታዲያ የማን ነው?» አሉ።